የሐሰት ተጫራችና የተከታይ ቁጥር

አንድ ገዢ በዓይኑ ያላየውንና በእጁ ያልዳሰሰውን ዕቃ፣ ሌሎች ብዙ ሰዎች ገዝተው ወድደውታል ስለተባለ ብቻ ሲገዛ፣ እምነቱን የጣለው በዕቃው ላይ ነው፣ በሻጩ ላይ ነው ወይስ በሰዎቹ ብዛት ላይ የሚለው ጥያቄ ከንግድ አልፎ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንደ አሶሳ ባሉ ከተሞች ይከብዳል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠው ጫማ፣ ስልክ፣ የፊት ቅባትና የወጥ ቤት ዕቃ ግን በአብዛኛው የሚነሣው ከመዲናዋ ሱቆች ነው። የአዲስ አበባ ገዢ ዕቃው ደጁ ድረስ መጥቶለት፣ አይቶና ለክቶ፣ ካልወደደው አመላላሹን መልሶ ሊሸኘው ይችላል፤ «ለክፍለ ሀገር በመኪና እንልካለን» የሚባለው ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን አስቀድሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ልኮ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ከዕቃው በፊት እጁ የሚገባው ማስረጃ በስልኩ ገጽ ላይ የሚያየው የተከታይ ቁጥር፣ የላይክና የአስተያየት ብዛት፣ ከዚያም «የረኩ ደንበኞች» የላኩት ነው የተባለ መልእክት ስክሪንሾት ነው።

ስውር ማግባባት የሚባለው ገዢውን ሳያስገድድ፣ ብዙ ጊዜም ግልጽ ውሸት ሳይናገር፣ ነገሩን በሚያቀርብበት መንገድ ብቻ ወደ አንድ ውሳኔ የሚያዘነብል ጥበብ ነው። ሦስት ፍሬ ብቻ እንደቀረ መናገር፣ ማንም ከፍሎበት የማያውቅ ከፍተኛ ዋጋ ጽፎ በላዩ ላይ መስመር ማስመር፣ ተከታዮችን «ቤተሰብ» ብሎ መጥራት (እውነተኛ ቤተሰብ የዕቃውን እንከን አስቀድሞ ይነግር እንደነበር ልብ ይሏል)፣ እነዚህ ሁሉ የዚሁ ጥበብ ክፍሎች ናቸው። ከሁሉም ሥሩ የጠለቀው ግን የብዙኃን ምስክርነት ነው፤ ይኸውም ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ፣ ሌሎች የሚያደርጉትን ትክክል ለመሆኑ እንደ ማስረጃ ቆጥሮ የመከተል ጠባዩ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ተጽዕኖ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጠባይ ከማግባባት ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ኃይሉ የሚበረታው ሰውየው እርግጠኛ ባልሆነበትና የሚያያቸው ሰዎች እሱን በሚመስሉበት ጊዜ መሆኑን አስረድቷል። ሁለቱም ሁኔታዎች አሶሳ ላለ ገዢ ይሟላሉ፤ ዕቃውን አላየውም፣ እንዲሁም «ከአሶሳ ነኝ፣ በሰላም ደርሶኛል» የምትል አንዲት አጭር አስተያየት ከመቶ የአዲስ አበባ አስተያየቶች ይልቅ ልቡን ታሳምነዋለች።

ብዙዎችን መከተል በራሱ ሞኝነት እንዳልሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ እንዲሰፍሩ የተደረጉ ገበሬዎች፣ በማያውቁት ቆላማ አፈርና አየር ውስጥ ራሳቸውን ሲያገኙት፣ የነባሩን ሕዝብ አዘራርና አኗኗር ከማየት የቀረበ መምህር ሊኖራቸው አይችልም ነበር። የጎረቤት ልማድ ማስረጃ የሚሆነው ጎረቤቱ ራሱ ዘርቶ፣ ራሱ አጭዶ፣ ትርፉንም ኪሳራውንም በራሱ ቀምሶ ያወቀው ስለሆነ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከብዛቱ ጀርባ ያየ ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረጋቸው የታወቁ ሙከራዎች፣ አስቀድመው ከተመራማሪው ጋር የተስማሙ ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት በተመለከተ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ የሚፈተነው ሰው በዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከመልሶቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነውን ከእነሱ ጋር ተሳስቷል፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ትክክለኛውን ሲናገር ግን መከተሉ በእጅጉ ቀንሷል። ከዚህ ውጤት ብዙዎች የሚያስታውሱት የሰውን ደካማነት ነው፤ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ያ ጉባኤ በሙሉ የተቀጠረ መሆኑ ነው።

የተቀጠረ ጉባኤ በገበያ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስምም፣ ፍርድም ካገኘ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእስልምና የንግድ ሥርዓት ነጅሽ የሚባለው፣ አንድ ሰው ዕቃውን ሊገዛ ሳያስብ፣ ሌላው ገዢ ተፈላጊ መስሎት እንዲጓጓና ዋጋ እንዲጨምር ለማድረግ ብሎ ብቻ በሐሰት መጫረቱ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ ይህን እንደከለከሉ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ተዘግቧል። በአሶሳ ዞን የሚኖረው የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ ሃይማኖቱም ወደ አካባቢው ከገባባቸው በሮች አንዱ ከሱዳን ወርቅ ፍለጋ የሚመጡት ጀላባ የሚባሉት ነጋዴዎች መንገድ በመሆኑ፣ የንግድ ፍርድ እዚህ ከሩቅ የመጣ የመጽሐፍ ወሬ ሳይሆን ከገበያው ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው።

የነጅሽ ክልከላ ምሥጢር ያለው የሐሰት ተጫራቹ ምን እንዳደረገ በጥንቃቄ ሲታይ ነው። ይህ ሰው ስለ ዕቃው አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ በቅሎዋ ጠንካራ ናት፣ ጨርቁም ሐር ነው አላለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር እጁን አንሥቶ ዋጋ መስጠት ነው። የዋሸው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ራሱ ፍላጎት ነው፤ የሌለውን ፍላጎት እንዳለ አስመስሎ፣ ከጎኑ የቆመው ሰው እንደ ማስረጃ እንዲወስደው አድርጓል። የሕግ ሊቃውንቱ በዚህ መንገድ የተፈጸመ ሽያጭ ስለሚኖረው ውጤት ተከራክረዋል፦ ብዙዎቹ፣ ከእነሱም ከእስልምና የሕግ ትምህርት ወገኖች አንዱ የሆኑት ሻፊዒዎች፣ ሽያጩ ይጸናል፣ ኃጢአቱ ግን በአድራጊው ላይ ይሆናል ሲሉ፣ ሌላው ወገን የሆኑት ማሊኪዎች የተታለለው ገዢ ውሉን የማፍረስ ምርጫ አለው ብለዋል፤ ከኢማም አሕመድ ከተላለፉት አስተያየቶች አንዱ ደግሞ ሽያጩን ከነአካቴው ፈራሽ ያደርገዋል። የተለያዩት በውሉ ላይ እንጂ በድርጊቱ ነውረኛነት ላይ አልነበረም፤ ከዚህም የሚከተለው ሐሳብ ለዘመኑ የስልክ ንግድ ቁልፍ ነው፦ ዕቃው ጥሩ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ብዙ ሻጮች ተከታይ ገዝተው፣ አስተያየቱን በራሳቸው ሠራተኞች አስጽፈው፣ «ዕቃችን ግን እውነተኛ ነው፣ ማንንም አልጎዳንም» ሲሉ የሚያቀርቡት መከላከያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የተሰረቀው ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ የተሰረቀው ግን የጎረቤት ምስክርነት ነው፣ ይህም ማንም ሻጭ በራሱ ሊፈጥረው የማይገባ፣ ሌሎች ሰዎች በነፃ ብቻ ሊሰጡት የሚችሉት ነገር ነው። በጥንቱና በአሁኑ የሐሰት ተጫራች መካከል ልዩነት ካለ አንድ ብቻ ነው፤ የጥንቱ ፊቱን ይዞ በገበያው መካከል መቆም ነበረበትና በማግሥቱ ሊታወቅ፣ ሊያፍርም ይችል ነበር፤ የዛሬው ግን ፊትም ማፈሪያም የለውም።

ብዛት መቼ ማስረጃ ይሆናል የሚለውን ጥያቄ የእስልምና ሊቃውንት በገበያ ብቻ ሳይሆን በዕውቀት ጥናት ውስጥም እጅግ አጥብቀው መርምረውታል። ተዋቱር የሚሉት፣ አንድን ዜና በውሸት ሊስማሙ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ከብዙ ሰዎች ተቀብለው ማስተላለፋቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ዜና እርግጠኛ ዕውቀት ያስገኛል፤ መካን አይቶ የማያውቅ ሰው መካ የምትባል ከተማ መኖሯን የማይጠራጠረው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ለዚህ እርግጠኝነት ሦስት ነገሮች ተጠይቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች የተናገሩትን በዓይናቸው ያዩት ወይም በጆሯቸው የሰሙት መሆን አለበት፤ ተማክረው ሊዋሹ የማይችሉ መሆን አለባቸው፤ እንዲሁም የምስክሮቹ ብዛት በዜናው መነሻ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ሁሉ ሊገኝ ይገባል። ምን ያህል ሰው ይበቃል ለሚለው አንዳንዶች አሥራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰባ እያሉ ቁጥር ሊወስኑ ቢሞክሩም፣ እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ በሕግ መሠረቶች ላይ በጻፉት ታላቅ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለውን የቁጥር ውሳኔ መሠረት የሌለው ብለው ጥለውታል። ቁጥር ለብቻው ምንም አያረጋግጥም ማለት ነው።

ሦስቱ መስፈርቶች በስልክ ገጽ ላይ በሚታይ ቁጥር ላይ ሲያርፉ፣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ላይክ ካደረጉት መካከል ዕቃውን የያዘው፣ የለበሰው ወይም የተቀባው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ተማክረው ይሁን ሳይማከሩ አይታወቅም፤ ሦስተኛው መስፈርት ደግሞ ሐቀኛ የሆኑትን ቁጥሮች ሳይቀር ይመታል። አንድ ሰው የጻፈውን አሥር ሺህ ሰው ሼር ቢያደርገው፣ በመጨረሻው ላይ ብዛት አለ፣ በመነሻው ላይ ግን ያለው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ አሥር ሺሁ ምስክሮች ሳይሆኑ የአንድ ምስክር ማሚቶዎች ናቸው። ይህን ነገር ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሙከራ አሳይተውታል። ከ14,000 በላይ ሰዎች ያልታወቁ 48 ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ ሲደረግ፣ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደወሰዱት በሚታይባቸው የተለያዩ ቡድኖች ውስጥ የተለያዩ ዘፈኖች ቀዳሚ ሆነዋል፤ በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ በጣም ደካሞቹም እምብዛም አልገነኑም፣ በመካከል ያለው ብዙው ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ምርጫ ወዲያና ወዲህ ተወስዷል። ሙችኒክ፣ አራልና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ደግሞ በአንድ የዜና መድረክ ላይ ለአስተያየቶች በዘፈቀደ አንድ የድጋፍ ድምፅ ብቻ አስቀድሞ ሲሰጥ የመጨረሻው ውጤት በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ ብሏል። አንድ የሐሰት እጅ ተነሣ፣ የቀሩት እጆች ግን እውነተኛ ነበሩ፤ ነጅሽ ከጥንትም የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። በዚህ ላይ የመድረኮቹ ስልተ ቀመር፣ ማለትም ማን ምን እንዲያይ የሚወስነው የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ የተወደደውን ይበልጥ ስለሚያሳይ፣ ቁጥር ራሱ ቁጥር ይወልዳል።

ወሬ በመደጋገም ብዛት ሲገዝፍ ምን እንደሚያደርስ የቤኒሻንጉል ምድር ራሷ የምታውቀው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1820ና በ1821 የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከዓላማዎቹ መካከል ባሪያና በጥቁር ዓባይ አካባቢ አለ የተባለው ወርቅ ይገኙበት ነበር፤ በ1838ና በ1839 ደግሞ በሸመገለ ዕድሜው ራሱ በዚያው በጥቁር ዓባይ አካባቢ እስካለችው ፋዞግሊ ድረስ ተጓዘ። ወርቅ ነበረ፤ እስከ ዛሬም ባህላዊ ወርቅ አምራቾች በኩርሙክ፣ በመንጌና በሸርቆሌ ወረዳዎች አፈሩን እየቆፈሩና እያጠቡ ያወጡታል። ያልነበረው በነጋዴና በተጓዥ አፍ እየተደጋገመ ያበጠው መጠኑ ነው። ለወርቅ ግን ሚዛንና እሳት አለለት፣ ወሬው ምንም ያህል ቢገዝፍ መጨረሻ ላይ ግራሙ ይናገራል፤ በስልክ ገጽ ላይ ላለው ብዛት እንዲህ ያለ መፈተኛ ለተራው ገዢ አልተሰጠውም።

ከወርቁ ጋር የሚሄድ ሌላም የገበያ ፍርድ አለ። ነቢዩ ወደ ገበያ ዕቃ ይዘው የሚመጡ መንገደኞችን ከመንገድ ላይ አስቀድሞ ወጥቶ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ ምክንያቱም ከሩቅ የሚመጣው ሰው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ በርካሽ ይሸጣልና። እንዲያ የሸጠ ሰው ገበያው ደርሶ እውነቱን ሲያውቅ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ተሰጥቶታል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ወርቁን ለደላላ የሚሸጥ የመንጌ ወርቅ አምራች ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ነገሩ ተገልብጦ ሲታይ ደግሞ በስልኩ ከአዲስ አበባ የሚገዛው የአሶሳ ነዋሪ ያለበትም ሁኔታ ይኸው ነው። ሁለቱም ከገበያው ርቀው የሚዋዋሉ ናቸው፣ በሁለቱም ላይ ትርፍ የሚገኘው ከርቀታቸው ነው። የክልከላው መንፈስ ብልህ ነጋዴን ለመቅጣት የታሰበ አይመስልም፤ ይልቁንም በመረጃ ደካማ የሆነው ወገን በድካሙ እንዳይበላ፣ ገበያውን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ውሳኔው ክፍት ሆኖ እንዲቆየው ለማድረግ ነው።

እስካሁን የተነሣው የሐሰት ብዛት ነው። ስውር ማግባባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሐሰት ወዲህ ማዶ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ይበልጥ የሚያስቸግረው አንድም ውሸት የሌለበት አቀራረብ ነው። አል-ገዛሊ ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው ሥራቸው ስለ ንግድ ሥነ ምግባር በጻፉበት ክፍል፣ ነጋዴ ዕቃውን በሌለው ነገር ማወደስ እንደሌለበት፣ እንከኑንም መደበቅ እንደማይገባው ካስረዱ በኋላ፣ የሐር ነጋዴ ስለነበሩት ስለ ዩኑስ ኢብን ዑበይድ የሚነገር ታሪክ ያነሣሉ። ገዢ መጥቶ ሐር ሲጠይቅ የዩኑስ አገልጋይ ጥቅሉን ዘርግቶ ተመለከተና አምላክ ጀነትን እንዲሰጣቸው ጸለየ፤ ዩኑስ ግን ያን ሐር ወደ ቦታው እንዲመልሰው አዘዙት፣ ለመሸጥም እምቢ አሉ፤ ጸሎቱ ዕቃውን በተዘዋዋሪ ማወደስ እንዳይሆን ፈርተዋልና። አገልጋዩ አልዋሸም፣ ስለ ሐሩ አንድ ቃልም አልተናገረም፤ የሐሩን ውበት ከጀነት ጋር አጎራብቶ ግን በገዢው ልብ ውስጥ አኖረው። ዛሬ አንድ ሻጭ ከቅባቱ ጎን የሕፃን ልጅ ሳቅ፣ ከስልኩ ጎን የሠርግ ዘፈን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የረመዳን ወይም የፋሲካ በረከት ሲያስቀምጥ የሚያደርገው ያው አገልጋይ ያደረገውን ነው። የዩኑስን ጥንቃቄ ለሁሉም ነጋዴ ግዴታ ማድረግ ገበያውን ዝም ያሰኘዋል፤ ኢማሙም ያቀረቡት የመጨረሻውን ከፍታ ለማሳየት ይመስላል። ሆኖም ታሪኩ ማግባባት ከቃል በፊት እንደሚጀምርና ኃላፊነቱም ከዚያው እንደሚጀምር ያሳያል።

እውነተኛ ቁጥርን ማሳየት ታዲያ ይፈቀዳል? በዚህ ላይ አንድ መለኪያ ሊቀርብ ይችላል፤ እሱም ሻጩ ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ገዢው ቢያውቅ አያፍርም ወይ የሚለው ነው። አምስት ሺህ ሰው በእርግጥ ገዝቶ ከሆነና ከእነሱ የተከፉት የጻፉት አስተያየት ከተደሰቱት አስተያየት ጋር ጎን ለጎን ከቆየ፣ ገዢው የሚያየው የጎረቤቱን ልምድ ነው። የተከፉት አስተያየት ተሰርዞ የተደሰቱት ብቻ ሲቀር ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ስብስቡ ውሸት ይሆናል። ነቢዩ በገበያ ውስጥ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ ዝናብ ነው ቢላቸው፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው እንደጠየቁት ተዘግቧል። የጠየቁት እህሉ ለምን ራሰ ብለው አልነበረም፤ ዝናብ የማንም ጥፋት አይደለምና።

በክርስትናውም ወገን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን መከተል ተከልክሏል፤ በዘዳግም ደግሞ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲጸና ታዟል። ብዛትን የሚጠራጠረውና ብዛትን የሚጠይቀው ሕግ አንድ መሆኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ላዩን ሲታይ ነው፤ ሕጉ የሚፈልገው ተጠያቂ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ያዩና ስማቸው የታወቀ ጥቂቶችን ነውና። ከሃይማኖት ወጣ ሲባል ጎርጊያስ በተባለው የፕላቶን ድርሳን ውስጥ ሶቅራጥስ ከጶሎስ ጋር ሲከራከር፣ ጶሎስ ብዙ የተከበሩ ሰዎችን ለምስክርነት ቢጠራም እሱ የሚፈልገው አንድ ምስክር ብቻ፣ ይኸውም የሚነጋገረው ሰው ራሱ መሆኑን ይናገራል። ይህ ለክርክር ድንቅ ነው፤ ከአሶሳ ሆኖ ጫማ ለሚገዛ ሰው ግን ብዙ አይረዳውም፤ እሱ ገና ምስክር ለመሆን የሚያበቃው ነገር አላየምና።

የብዙኃንን ምስክርነት ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ግን ስህተት ይሆናል፤ ለዚህም ማሳያው በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የቆመው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ድረስ ሕዝቡ ቦንድ እንዲገዛ፣ በ8100 አጭር መልእክት እንዲልክ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የወር ደመወዙን እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ ሌላው ማዋጣቱን ማሳየት ዋናው የማግባቢያ መንገድ ነበር፤ የግድቡ ዋንጫ በየክልሉ ሲዞርም አንዱ ከሌላው እንዳያንስ የሚያደርግ ፉክክር ይዞ ነበር የዞረው። ይህ ነጅሽ አይደለም። ጫማን በተመለከተ ቁጥሩ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ጫማው ጥራት፣ የሚመሰክር ምልክት ነው፤ በግድቡ ላይ ግን የአዋጪው ብዛት ራሱ ነገሩ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጠው ገንዘብ ሌሎችም ሲሰጡ ብቻ ግድብ ይሆናልና፤ ስለዚህ ሌሎች መስጠታቸውን ማወቅ ለውሳኔው ተገቢ ምክንያት እንጂ የውጭ ግፊት አይደለም። ያም ሆኖ እዚህም ላይ ማግባባቱ መስመሩን የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ እጅ አውጥቶ የወር ደመወዝ ይቆረጥ ሲባል፣ ባልደረቦቹ ሁሉ እያዩት እጁን ያላወጣ ሰው ማሰብ ያስቸግራል። በጎ ዓላማ ያለው ብዛትም አንዱን ሰው ዝም ሊያሰኘው ይችላል፤ የአሽ ሙከራ ተፈታኞች የተጨነቁት መስመሩን ስላላዩ አልነበረም።

የአገሪቱ ሕግ ለነገሩ ባዳ አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም እንዲሁ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትን የከለከለ ሲሆን፣ አንድ ሸማች ሌሎች ሸማቾችን ባመጣ መጠን ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል በሚል የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭም ጨምሮ አግዷል። የፒራሚድ ሽያጭ ከነጅሽ የከፋበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተጫራቹ የተቀጠረ እንግዳ ሳይሆን ራሱ የተታለለ የአጎት ልጅ ነው፣ ምስክርነቱም ከልቡ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኢንተርኔት የሚፈጸም ውል ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው አድርጓል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየቶችን መሸጥና መግዛትን በስም ጠርቶ ከልክሏል፤ በኢትዮጵያ ግን ሻጭ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የገዛውን ተከታይ ለማጋለጥ ከአሳሳች መረጃ አጠቃላይ ክልከላ ተነሥቶ መከራከር የግድ ይሆናል።

በተግባር ሲታይ የሕጉ ድጋፍ የሚደርሰው በዕቃው ላይ ጉድለት ሲገኝ ነው፤ ጫማው ከተቀደደ፣ ስልኩ ካልሠራ፣ ገዢው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጫማው ሳይቀደድ፣ ነገር ግን በሌሉ ሰዎች አድናቆት ተገፋፍቶ ባልፈለገው ነገር ወይም በማይገባው ዋጋ የገዛው ሰው ጉዳት ግን ከዕቃው ላይ ሊታይ አይችልም፤ ቀደምት ሊቃውንት የለዩት ጉዳት ይህ ነበር። እዚህ ላይ ከሦስቱ አስተያየቶች የማሊኪዎቹ ለዚህ ዘመን ገበያ ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል፦ ሽያጩን ሁሉ ፈራሽ ማድረግ ሐቀኛውን ገዢም ሻጩንም ያውካል፣ ኃጢአቱን ለሻጩ ሕሊና ብቻ መተው ደግሞ ፊት የሌለውን ተጫራች አያስፈራውም፤ ለገዢው ምርጫ መስጠት ግን ውሳኔውን ለተጎዳው ሰው ይመልሳል። ይህ ምርጫ ግን ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ ሰው፣ ዕቃውን በአውቶቡስ መልሶ የሚልክበትን ሒሳብ ራሱ የሚከፍል ከሆነ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነው። አንዳንዴ የመላኪያው ዋጋ ከዕቃው ትርፍ ይበልጣልና፣ ገዢው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝምታውም በገጹ ላይ እንደ እርካታ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የማፍረስ ምርጫው አሶሳ ላይ ትርጉም የሚኖረው የመመለሻውን ሒሳብ ሻጩ ሲችለው ነው፤ የሐሰት ተጫራቹን በገበያው መካከል ያቆመው እሱ ነውና።